የእረፍት ፈቃድ

አዳማ፣ መስከረም 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአባቴ ለመሪጌታ ወልደ ሚካኤል፣ ዲማ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እምዬስ እንዴት ናት? ያ ሳል ለቀቃት? የቅኔ ተማሪዎችዎ ተመለሱልዎ? እኔ ተመስገን ነው፣ ደህና ነኝ። የዲማ ስልክ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፃችሁን ሳልሰማ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። ደብዳቤዎን የቢቸናው ነጋዴ አብዱልቃኒ ከዕቃው ጋር ልኮልኝ ሲደርሰኝ፣ ቶሎ እንዳያልቅብኝ ብዬ ሳልከፍተው ግማሽ ቀን በደረት ኪሴ ይዤው ዋልሁ።

መኪናው ያንተ ከሆነ ደግሞ ከማን ጋር ነው የምትዋዋለው ላሉኝ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሰው መኪና ስነዳ ኖሬ አሁን ሊብሬው ላይ የሰፈረው ስም የእኔ ነው። ይሁን እንጂ ለአንድ መኪና ለብቻው ከወደብ ጭነት የሚሰጥ የለም። ባለ አንድ መኪና ሰው ወይ ባለንብረቶች ማኅበር ይገባል፣ ወይ ከትራንስፖርት ድርጅት ጋር ይዋዋላል።

ማርቆስ ያለው ማኅበር እንደ እኔ ባሉ ሰዎች የቆመ ነው። ጭነት በተራ ይሰጣል። ተራ እስኪደርስ ሁለት ሳምንትም ሦስት ሳምንትም መጠበቅ አለ፤ ግን የሚጠበቀው ማርቆስ ሆኖ ነው፣ ከዚያ ወደ እናንተ ብቅ ማለት ይቻላል። እዚህ አዳማ ያለው ድርጅት ደግሞ መጠበቅ የሚባል ነገር አያውቅም። አራግፈህ ሳትጨርስ ስልክ ይደወላል፣ ወደ ጅቡቲ ተመለስ ትባላለህ። መኪናው አይቆምም፤ ሹፌሩም አይቆምም።

ይምረጡልኝ ማለቴ አይደለም። ግን ጋቢና ውስጥ ብቻዬን ሳወጣ ሳወርደው ሰለቸኝ። የሰው ሐሳብ ብሰማ ብዬ ነው። ምን ይመስልዎታል?

ልጅዎ ደምለው

ዲማ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለደምለው፤ ባለህበት ሰላመ እግዚአብሔር አይለይህ።

ከተማሪዎቹ ሰባቱ ተመልሰዋል፤ የቀሩትን መንገዱ አስቀርቷቸዋል። ስለ እናትህ ለጠየቅኸኝ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አስነብባኛለች። ግማሽ ቀን በኪሴ ይዤው ዋልሁ ያልኸው ላይ ስደርስ ሳቀች፣ ሳቁም ሳሉን ቀሰቀሰባት፣ ሳሉ ሲተዋት እንደገና አንብብልኝ አለች። ብርዱ ሲያልፍ ይሻላት ይሆናል።

ምክር ጠይቀኸኛል። በዕድሜዬ መኪና ላይ የወጣሁት አራት ጊዜ ነው፤ ስለ ሥራህ የማውቀው ከዚህ አይበልጥም። ብቻ አንድ ነገር ልበልህ። ሁለቱም ዘንድ ስትሄድ እንዴት እንደሚገባ ይነግሩሃል። አንተ እንዴት እንደሚወጣ ጠይቃቸው። ወደ ቤቱ ለመሄድ ሰው የሚለምን ከሆነ፣ መኪናው የራሱ መሆኑ ምኑ ላይ ነው? ከዚህ በላይ አልልህም። የልብህን አድርግ፤ ስለ እኛ ብለህ አትምረጥ።

እናትህ ይህን ጨምርልኝ ብላለች፦ «በርሃው ላይ ውኃ አብዝተህ ጠጣ። ጢምህንም ተላጭ።»

አባትህ ወልደ ሚካኤል

ሚሌ፣ ኅዳር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባቴ፤

ይቅርታ ያድርጉልኝ። ምክርዎ ሲደርሰኝ ለአዳማው ድርጅት ፈርሜ አምስት ቀን አልፎኝ ነበር።

እንዴት እንደሚወጣ አልጠየቅሁም። የእርስዎን ደብዳቤ ካነበብሁ በኋላ ነው ውሉን አውጥቼ በደንብ ያየሁት። ውሉ ለአንድ ዓመት ነው። ሊብሬዬ እነሱ ካዝና ውስጥ ነው፤ ውክልናም ሰጥቻቸዋለሁ። ስድስት ወር ሳይሞላ ወደ ቤት መሄድ የለም፣ ከሞላም በኋላ «በስምሪት ኃላፊው በሚሰጥ የእረፍት ፈቃድ ብቻ» ይላል።

ለምን እንደቸኮልሁ እውነቱን ልንገርዎ። ማርቆስ ላይ ተራ ስጠብቅ ከሚያውቁኝ ሰዎች ፊት ሥራ ፈትቼ መቀመጥ ፈራሁ። የመሪጌታ ልጅ ቅኔውን ጥሎ ሹፌር ሆነ የሚሉኝ ገና አልሰለቻቸውም። እርስዎ መሪጌታ ሊያደርጉኝ ደከሙ፤ እኔ መሪውን ብቻ ይዤ ቀረሁ።

ሥራው ሞልቷል። ከአዳማ ጋላፊ፣ ከጋላፊ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ አዳማ። በዚህ ሁሉ መንገድ ሰው የማናግረው ኬላ ላይ ነው፣ እሱም ወረቀት፣ እሺ፣ እለፍ ነው። ባለፈው ሳምንት ሎጊያ ምሳ ልበላ ስቀመጥ አስተናጋጁ «እንደተለመደው ነው?» አለኝ። የሚያውቀኝ ሰው ተገኘ ብዬ ዓይኔ እንባ ሞላ። እንዳያየኝ ወደ ግድግዳው ዞርሁ።

እምዬን ጢሜን ተላጭቻለሁ በሉልኝ። ደግሞ ማርቆስ ሄዳችሁ ነበር የሚል ወሬ ከአብዱልቃኒ ሰማሁ። ምን ልታደርጉ?

ደምለው

ዲማ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ደምለው፤

ስለ መሪው የጻፍኸውን ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው። ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። በእኔ ዘንድ ያሳፈርኸኝ ነገር እንደሌለ ዕወቅ። ይህን ቀደም ብዬ ልነግርህ ይገባኝ ነበር።

ማርቆስ የሄድነው እናትህን ለማስመርመር ነው። ሐኪሙ ትሑት ሰው ነው። እሷን ውጭ አስቀምጦ ለእኔ ወንበር ሳበልኝና ረጋ ብሎ አስረዳኝ። መድኃኒት ሰጥቶን ወደ ቤታችሁ ተመለሱ አለን። በመመለሻችን እናትህ የመስኮቱን ወንበር ይዛ በከባድ መኪና አጠገብ ባለፍን ቁጥር ወደ ጋቢናው ስታይ ነበር። ልጁ የሚነዳው በወዲያኛው አገር ነው ብላት «ማየት ምን ይጎዳል?» አለችኝ።

ጥር ላይ ጥቂት ቀን መምጣት ይሆንልህ ይሆን? ባይሆንልህም አንቀየምህም።

አባትህ

አዋሽ፣ ጥር 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባቴ፤

ልመጣ አልቻልሁም። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ቢሮ ሄጄ ነበር። የስምሪት ኃላፊው አበባው ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ስልክ ይጮህበታል።

«ምን ፈለግህ?» አለኝ ቀና ሳይል።

«ለአሥር ቀን ቤተሰብ ጠይቄ ልምጣ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያው ስድስት ወርህ ሲሞላ፣ ሚያዝያ ላይ። አሁን ጭነትህን ያዝ፣ መርከብ ገብቷል።»

ወጣሁ። አንድ ሌላ ሹፌር በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር፤ እሱም ሊጠይቅ የመጣ ነው። ፊቴን አየና ሳይገባ ተመለሰ።

አባቴ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብሁት። ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳኝ ይላሉ፤ ምን ብሎ እንዳስረዳዎ ግን አልጻፉልኝም። እምዬ በርግጥ ደህና ናት? ከከፋባት ንገሩኝ፤ መኪናውን ባለበት ጥዬ እመጣለሁ።

ደምለው

ዲማ፣ የካቲት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ደምለው፤

የጥር አምስቱ ደብዳቤህ የደረሰኝ ከአራት ቀን በፊት ነው። መንገዱ ተዘግቶ ስለሰነበተ ቢቸና ቆይቷል።

እናትህ አርፋለች። ሳሉም ትቷታል፤ አሁን የሚያማት ነገር የለም። ቤቱ ጸጥ ብሏል።

መኪናህን ጥለህ አትምጣ። ሚያዝያ ላይ ፈቃድ ሲሰጡህ ና። ስትመጣ መጀመሪያ ቢቸና አብዱልቃኒ ሱቅ ግባ፤ እሱ አብሮህ ይመጣል። ወደ ጎጃም የሚያሻግረው ቁልቁለት ክፉ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። መሪ ይዘህ ሳለ ስለ እኛ አታስብ።

አባትህ

ጅቡቲ፣ የካቲት 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባቴ፤

ተመስገን! ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ እንቅልፍ ተኛሁ። ሳሉ መልቀቁን ለሎጊያው አስተናጋጅ ሳይቀር ነገርሁት፤ እናቴን አያውቃትም፣ ግን እንኳን ደስ አለህ አለኝ። ጥር ላይ ባለመምጣቴ ሲከነክነኝ የነበረው ነገር ሁሉ ቀለለኝ።

እዚህ ገበያ ወጥቼ ለእምዬ ሻርፕ ገዛሁላት። ስስ ነው፣ ሙቀት ግን ይይዛል፤ ለጠዋት ኪዳን ስትሄድ ይሆናታል። ለእርስዎ ቴምር ይዣለሁ። ፈቃዴ ከሚያዝያ 8 ጀምሮ ተፈርሟል።

በዚህኛው ደብዳቤ ውስጥ ከእምዬ አንድም ቃል የለም። ሲጽፉ ተኝታ ነበር? አይቀስቅሷት። በሚቀጥለው ግን አንድ ነገር ትበለኝ፣ ቁጣም ቢሆን።

ደምለው

አዳማ፣ ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለመሪጌታ ወልደ ሚካኤል፤

ከእርስዎ ከተለየሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ፊት ለፊት ሳለን ሰው ሁሉ ከቦን ነበርና መናገር አልቻልሁም። አሁን ልናገር።

መኪናዬን ግቢያቸው አስቀርቼ በአውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ሻርፑን ጉልበቴ ላይ ይዤ ነው ቢቸና የደረስሁት። አብዱልቃኒ ሲያየኝ ሚዛን ላይ ስኳር እየሰፈረ ነበር። ማንኪያውን አስቀምጦ ሱቁን ዘጋ። የገበያ ቀን ነው፣ ሰው በሩ ላይ ተሰልፏል፤ ዘጋው። «ምነው?» ስለው «መጀመሪያ ሻይ ጠጣ» አለኝ። እሱ ቤት አደርሁ፤ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አንዳቸው «ደምለው፣ በርታ» ሲሉኝ ቀሪውን አልሰማሁም። ጥር 16 መሆኑን በኋላ ነው የነገሩኝ።

መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። ያገር ወግ ነው፤ እሱን አልወቅስም። እኔ የምወቅስዎ በፊት ስለሆነው ነው። ማርቆስ ላይ ሐኪሙ የነገረዎትን ያውቁ ነበር። ከዚያም በፊት ያውቁ ነበር። እኔ ደግሞ እንደ ሰው ጠየቅሁዎ፤ ደህና ናት ወይ ብዬ ጠየቅሁዎ። «አርፋለች» ብለው ጻፉልኝ። ለተማሪ የሚሰጠውን ቅኔ ለእኔ ሰጡኝ። እኔም ሰሙን ይዤ ስደሰት ከረምሁ። አርባዋ በወጣ ማግስት ገበያ ወጥቼ ሻርፕ አማረጥሁላት።

ቢነግሩኝ እመጣ ነበር። መኪናውን ጥዬ እመጣ ነበር።

ስመለስ አበባው «እንዴት ነበር እረፍት?» አለኝ። «ጥሩ ነበር» አልሁት።

ደምለው

ዲማ፣ ሰኔ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፤

እውነትህን ነው። ይቅር በለኝ።

የሚከተለውን ለማቃለያ ብዬ አልጽፍልህም። እናትህ ሁለት ጊዜ አስምላኛለች። «በዚያ በረሃ መሪ ይዞ ሳለ እንዳትነግረው፤ ዓይኑ እንባ ከያዘ መንገዱን አያይም» አለችኝ። የመጀመሪያው መስከረም ላይ ነበር፣ ሁለተኛው ከማርቆስ ስንመለስ። ይህን ምክንያት አድርጌ ልደበቅበት እችል ነበር። ለሽማግሌዎቹም የነገርኋቸው ይህንኑ ነው። አንተ ግን ሌላውንም ልትሰማ ይገባሃል።

ፈርቼ ነው። ነግሬህ ባትመጣስ ብዬ ፈራሁ። ባልነግርህ ቀሪ ዘመኔን ባለማወቅህ አሳብቤ እኖራለሁ፤ ነግሬህ ብትቀር ግን በምን አሳብባለሁ? ልጁን እንደማያውቅ ሰው አሰብሁ።

ሌላም አለ። የትኛውን ልምረጥ ብለህ ስትጽፍልኝ የማርቆሱን ምረጥ፣ እናትህ ታማለች ማለት ነበረብኝ። አንድ መስመር ነበር። እኔ ግን የልብህን አድርግ አልሁህ። በምን እና በምን መካከል እንደምትመርጥ ሳላሳውቅህ ምርጫውን ለአንተ ተውሁት። እንዲህ ያለውን ነፃነት ለጠላት እንኳ አይሰጡም።

ሻርፑን አጥፌ ሳጥን ውስጥ አድርጌዋለሁ። ጠዋት ጠዋት ከኪዳን ስመለስ ሁለት ሰው እንደሚበላ ቁርስ አሰናዳለሁ፤ ትርፉን ተማሪ ይበላዋል። ደብዳቤ ባትጽፍልኝ አልፈርድብህም።

አባትህ

ጎሐ ጽዮን፣ ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፤

አምስት ወር ዝም አልሁዎ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ይቅርታ።

ከአዳማው ድርጅት ወጥቻለሁ። ዓመቱ ጥቅምት 8 ሞላ። አበባው ሊብሬዬን ከካዝናው አውጥቶ እጁ ላይ እንደያዘ «ምን አጎደልንብህ? የተሻለ መስመር እንስጥህ» አለኝ። «ምንም አላጎደላችሁብኝም» አልሁት፤ ውሸት አይደለም። ከዚያ ለማርቆሱ ማኅበር ማመልከቻ አስገባሁ። ሊቀ መንበሩ በስልክ ገና ስለ ክፍያው ሲጀምሩ አቋረጥኋቸውና «ልውጣ ብል እንዴት እወጣለሁ?» አልኋቸው። ሳቁብኝ። «በደብዳቤ ነዋ! ትጽፋለህ፣ ትሄዳለህ» አሉኝ።

የመጀመሪያ ተራዬን ለጨዉ ይቀርባል ተብሎ አዳማ ሆኜ ጠበቅሁ፤ ሦስት ሳምንት ፈጀ፤ ከዚያ ከአፍዴራ ጨው ጭኜ ለማርቆስ ተላክሁ። እስከዚህ ድረስ ደህና መጣሁ። አሁን ግን መንገዱ ለመኪና ሁሉ ተዘግቶ ይኸው አሥራ ሁለት ቀን ቆሜአለሁ። ጨዉን ጥዬ መሄድ አልችልም። ከገደሉ አፋፍ ሲቆሙ ጎጃም ይታያል። ሜዳው፣ የባሕር ዛፉ ጥላ፣ ቆርቆሮ ሲያበራ ይታየኛል። ዓመት ሙሉ ጅቡቲ ሆኜ እንዲህ አልራቀኝም።

ቆሜ ሳይ ስለዋልሁ ማሰብ አልቀረልኝም። እርስዎ እውነቱን ስለጻፉልኝ እኔም ልጻፍ። ጥር ላይ አበባው ማን ሞተ ሲለኝ ማንም አልሞተም ብዬ ወጣሁ። እናቴ ታማለች አላልሁትም። ቢያንስ ሁለተኛ አልጠየቅሁትም። ከደብዳቤዎ ውስጥ ያልተጻፈውን ነገር አይቼው ነበር፤ የሐኪሙ ወንበር ላይ ስደርስ ልቤ ደንግጦ ነበር። ሲከለክለኝ ግን ቀለለኝ። ምን እንዳቀለለኝ እንጃ። ሄጄ ከማየው ተከልክዬ መቅረት ቀለለኝ መሰለኝ። ስለዚህ እመጣ ነበር ብዬ የጻፍሁልዎ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። የፈሩት ነገር ከንቱ ፍርሃት አልነበረም። ይህን ሳልነግርዎ ይቅር ልልዎ አልቻልሁም፤ ይቅር የሚባለው እርስዎ ብቻ እየሆኑ አስቸገረኝ።

ይህን ደብዳቤ በእግር ለሚሻገር አንድ ዲያቆን ሰጥቻለሁ። ቁልቁለቱን ወርዶ ለመውጣት ሁለት ቀን ይፈጅብኛል ብሏል።

ደምለው

ደጀን፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ደምለው፤

ደጀን የሚለውን አይተህ ተሳስቶ ነው እንዳትል። ደጀን ነኝ።

ደብዳቤህ ማክሰኞ ደረሰኝ። ረቡዕ ተማሪዎቼን ለአንዱ አዛውንት ተማሪ አደራ ሰጥቼ እስከ ቢቸና በእግር፣ ከቢቸና በሚኒባስ መጣሁ። በመኪና ስድስተኛ ጉዞዬ ነው። አብዱልቃኒ እብድ ነህ ብሎኛል፤ ካለ በኋላ ብርድ ልብስና ዳቦ አሸከመኝ። ጉልበቴ ቁልቁለቱን የሚችል ቢሆን ኖሮ እዚህም ባልቆምሁ።

የጻፍኸውን አንብቤዋለሁ። እኔም ፈራሁ፣ አንተም ፈራህ፤ እናትህ ከሁለታችን ይልቅ ደፋር ነበረች። ስለዚህ ነገር ስንገናኝ እናውራ እንጂ ከእንግዲህ በወረቀት አልመልስልህም።

ከከተማው ዳር፣ መንገዱ ከገደሉ በሚወጣበት በኩል ሹፌሮች ሻይ የሚጠጡባት አንዲት ቤት አለች። ባለቤቷ በርጩማ ደጅ ላይ አውጥታልኛለች፤ ቀኑን እዚያ እውላለሁ። ትናንት በአጀብ ጥቂት መኪኖች እንዲሻገሩ ተፈቅዶ ነበር። ገና ድምፃቸው ከታች ሲሰማ ተነሥቼ ቆምሁ። ሁሉም አቧራ ለብሰዋል፣ መስታወታቸው ያበራል፣ ውስጥ ያለው ሰው አይለይም። ላለፈው ሁሉ እጄን አነሣሁ። ሁለቱ ጡሩምባ ነፉልኝ፤ አንዱ አቁሞ «አባ፣ ማንን ይጠብቃሉ?» አለኝ። ልጄን አልሁት። «መኪናው ምን ዓይነት ነው?» አለኝ።

ልጄ፣ ዓመት ሙሉ ስለዚያ መኪና ተጻጽፈናል፤ የት ይግባ፣ የት ይውጣ ብዬ መክሬበታለሁ፤ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም። ይህን ወረቀት የሚያመጣልህ ሰው በእግር ይመለሳል፤ በእሱ እጅ ላክልኝ። ቀለሙ ምንድን ነው?